በጠባብ ቤት፣ ሥራ ሳይቋረጥ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ለጅማ ቤተሰብ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ መርካቶ እነግዳለሁ፣ ልጆች አሉ፣ እናቴም አብራን ናት። ካልወጣን አንበላም። እንዴት አድርገን እንኑር?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። የሚያገለግለው እንደ ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ብቻ ነው። ኮሌራ የሚመጣው በውኃና በምግብ ስለሆነ መከላከያው ሌላ ነው፤ ይህን መመሪያ ለእሱ አትጠቀሙበት።

በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ወደ ቤት የሚገባው በሰው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚዛመተው ደግሞ በታፈነ አየር ነው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጉልበቱንም በረኪና ላይ ያፈሳል፤ መስኮቱ ግን ተዘግቶ ይውላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭንብል፣ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻ ወለልና ዕቃ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎችም የተደረደሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (6 ሰው ለሚኖርበት ቤት)

- ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 1፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2
- ባላ እንጨት 2፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ80፤ 1 ሜትር የሚሆን አግዳሚ ዘንግ፤ ለእግር መርገጫ አጭር ዱላ
- ሲባጎ 3 ሜትር፣ ምስማር፣ አንድ ባልዲ ጠጠር
- ሳሙና
- የጨርቅ ጭንብል፦ ለሚወጣ ሰው 5፣ ለማይወጣ 2
- ለታማሚና ለአስታማሚ የሚቀመጥ የሕክምና ጭንብል፣ አንድ ፓኬት
- 1 ሊትር በረኪና፣ መጠኑ 5% ተብሎ የተጻፈበት
- ቴርሞሜትር፣ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 20 ፍሬ፣ ኦ አር ኤስ 6 ከረጢት
- ደብተር፣ እስክሪቢቶ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ
- አጎበር፣ ለመጋረጃ የሚሆን አንሶላ
- ትንሽ እጣን (ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ)

ደረጃ 1። የቤቱን ሰው በሦስት ለዩ

ደብተሩ ላይ ሦስት ዝርዝር ጻፉ፦ በየቀኑ የሚወጡ፣ አልፎ አልፎ የሚወጡ፣ ከታመሙ የሚከብድባቸው። ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ አረጋውያን፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ይገባሉ። ተመላላሽ የቤት ሠራተኛ ካለች «በየቀኑ የሚወጡ» ውስጥ ጻፏት። ብትታመም ደመወዟ እንደማይቆረጥ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ደመወዝ የሚቆረጥባት ከሆነ ትኩሳቷን ደብቃ ትመጣለች።

ዝርዝሩ ለአንድ ውሳኔ ያገለግላል፦ በየቀኑ የሚወጣና ሦስተኛው ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ጎን ለጎን አይተኙም። ሁለት ክፍል ካለ ይለያዩ። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ በክፍሉ ሁለት ጫፍ ይተኙ፤ ይህም ካልተቻለ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። ከአፍ ለአፍ ያለው ርቀት በሰፋ መጠን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ የመሳቡ ዕድል ይቀንሳል።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የሁለት ወር መድኃኒት በእጃቸው እንዲኖር ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። የሚያመጣላቸውም ወጣት ይሁን።

ደረጃ 2። አየር የሚያልፍበትን መንገድ ፈልጉ

ረጋ ብላችሁ ሥሩት፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ከሌላው ሁሉ ግን የበለጠ ይጠቅማል።

በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ መጋረጃውን ሰብስባችሁ እሰሩ። ከዚያ ትንሽ እጣን አጭሱና ማጨሻውን ክፍሉ መሐል አኑሩ። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አንድ አቅጣጫ ይዞ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠራ አየሩ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ጣሪያ ሥር ተንሳፎ ከቀረ ቤቱ ታፍኗል፤ የሰው ትንፋሽም እንደዚያው ይቀመጣል። ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሰው ሲታመም አልጋው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሙከራውን ጠዋትና ማታ ድገሙት፣ ነፋስ አቅጣጫ ይቀይራልና።

ብዙ የጭቃ ቤቶች በርና መስኮታቸው በአንድ ወገን ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጭሱ ይዞራል እንጂ አይወጣም። መፍትሔው ከኋላ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሁለት እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቶ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዳዳው ከላይ ሲሆን የተሻለ ይሠራል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን አስፈቅዱ፤ ካልፈቀደ በሩን ገርበብ አድርጎ መዋል ይሻላል።

ቀን ሙሉ ክፍት ይሁን። ማታ ሁሉም ሲሰበሰብ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ክፈቱት። ከኅዳር እስከ ጥር የጅማ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ለመኝታ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት፣ ሰው በማይተኛበት ወገን፣ ይበቃል፤ ብርዱን በብርድ ልብስ ተከላከሉት። ወባ ስላለ አጎበሩ ግዴታ ነው።

«ምች ይመታናል» ብላችሁ የምትዘጉ ከሆነ ይህን አስቡ፦ በሽታው የሚመጣው ከነፋሱ አይደለም፤ አብሯችሁ ከተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ነው። ነፋሱ ያንን ትንፋሽ ይዞላችሁ ይወጣል።

ደረጃ 3። የእጅ መታጠቢያ ከበሩ ፊት ትከሉ

አንድ ሰው በአንድ መታጠብ ሩብ ሊትር ውኃ ቢፈጅ፣ 6 ሰው በቀን 6 ጊዜ ሲታጠብ 9 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ቀን ያደርሳል። ሁለት ጀሪካን የተጠየቀው ቧንቧ ሲጠፋ መታጠቡ እንዳይቋረጥ ነው።

ሀ) ባላዎቹን 70 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ። ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ30 ይቀራል። ትንንሽ ልጆች ካሉ 1 ሜትር ይሁን።

ለ) ምስማሩን በእሳት አግላችሁ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወደ ታጣቢው በሚዞረው በኩል ብሱት። አንድ ቀጭን ቀዳዳ ይበቃል፤ ሰፊ ከሆነ ውኃው ቶሎ ያልቃል።

ሐ) ዘንጉን በጀሪካኑ እጀታ አሳልፋችሁ ባላዎቹ ላይ አግድሙት።

መ) ሲባጎውን የጀሪካኑ አንገት ላይ እሰሩና ሌላውን ጫፍ ከመርገጫው ዱላ አንድ ራስ ጋር አያይዙ። ያ ራስ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ይንጠልጠል፤ ሌላው ራስ መሬት ይንካ። ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውኃም ይወርዳል። እጅ ጀሪካኑን አይነካም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

ሠ) ውኃውን ከቀዳዳው ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ብቻ ሙሉ። ከዚያ ካለፈ ሳይረገጥም ይፈስሳል።

ረ) ሥሩ ላይ ጎድጎድ አድርጋችሁ ጠጠር ሙሉበት። ውኃ ካቆረ የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ሰ) ሳሙናውን በስታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉት፣ በላዩም በግማሽ የተቆረጠ ጣሳ ድፉበት። የጅማ ዝናብ ክፍት ሳሙና በአንድ ከሰዓት ያሟሟዋል።

ሲታጠቡ ሳሙናው እጅ ላይ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይቆይ። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጡት ቫይረሶች የስብ ሽፋን አላቸው፤ ሳሙና ያንን ስብ ይበትነዋል፤ ለመበተን ግን ጊዜ ይፈልጋል። በጣቶች መሐል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ብዙ ሰው የሚዘልላቸው ቦታዎች ናቸው።

ደረጃ 4። ከሥራ ሲመለሱ

ጫማ ደጃፍ ይቀራል፣ እጅ ይታጠባል፣ ጭንብሉ ከጆሮ ገመዱ ተይዞ ይወልቅና የሳሙና ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ይገባል፣ እጅ እንደገና ይታጠባል። ሕፃናት ሮጠው እንዳያቅፉ «መጀመሪያ ውኃ» የሚለውን ቃል አስለምዷቸው። ልብስ በየቀኑ ማጠብ አያስፈልግም፤ ሐኪም ቤት የሚሠራ ወይም ታማሚ የነካ ሰው ብቻ ይቀይር።

ጭንብሉ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ አያገለግልም። እርጥብ ጨርቅ ትንፋሽ ያፍናል፤ ሰውየውም ሰልችቶት አገጩ ላይ ያወርደዋል። ለሚወጣ ሰው 5 ያልነው ለዚህ ነው፦ በክረምት አንድ ጭንብል ጥላ ሥር ለመድረቅ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካልደረቀ ካውያ አድርጉበት። የደረቀውን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ፌስታል ውስጥ ከተቀመጠ ይሻግታል።

ደረጃ 5። ሥራ ቦታ

ባጃጅ፦ የጎን ሸራዎቹ ተጠቅልለው ይታሰሩ። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ይወርዳል፤ ያኔ 4 ሰው በአንድ አየር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ሸራው ሲወርድ የሁሉም ጭንብል አፍንጫ ድረስ ይሁን። ሹፌሩ በራሱ በኩል ያለውን አንድ ጋት ከፍ ያድርገው። ብር መቀበያ ጣሳ ያስቀምጥ። የብረት መያዣዎቹን ቀትር ላይና ማታ በሳሙና ውኃ መጥረግ ይበቃል፤ በየመንገደኛው መጥረግ ጉልበት መጨረስ ነው።

ሱቅና ጉልት፦ ጠረጴዛውን በሩ ላይ አግድሙትና ደንበኛው ውጭ ቆሞ ይግዛ። ወረፋ ካለ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ልዩነት መሬቱን በኖራ አስምሩ። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ስልኩን ራሱ ይዞ ያሳያችሁ። ለራሳችሁ ስትገዙ የሐሙስ ገበያ ከመድመቁ በፊት በማለዳ ሂዱ፣ የሚገዛውንም ጽፋችሁ ያዙ፤ ግርግር ውስጥ የምትቆዩበት ደቂቃ ባነሰ ቁጥር አደጋው ያንሳል።

የቡና መጋዘን፦ ቡና ለቃሚዎች ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ያዙሩ፤ ትልቁ በር ሙሉ ቀን ክፍት ይዋል። የቡና አቧራ ጭንብሉን ቶሎ ስለሚደፍነው ለምሳ ሲወጡ ይቀየር።

ቢሮና ትምህርት ቤት፦ ስብሰባ ዛፍ ሥር ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ካልሆነ በስልክ።

ደረጃ 6። ማዕድ፣ ቡና፣ ሰላምታ

አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ለሚያድሩ ሰዎች ገበታ መለየት ብዙ አይጨምርም፤ አየሩን ተጋርተውታልና። ሦስተኛው ዝርዝር ላይ ላለ ሰው ግን ሳህኑ ይለይ፣ ወጡም በጭልፋ ይውጣለት። ጉርሻ ከውጭ ለመጣ ሰው ይቅር።

ቡናን ማስቀረት አያስፈልግም፤ ቦታውንና አቀራረቡን መቀየር ይበቃል። ጀበናው ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግቢ ይውጣ። ጎረቤት የራሱን ሲኒ ይዞ ይምጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ በዚያው ይጠጣ። ትልቁ ስህተት ሲኒዎችን በአንድ ሳህን ውኃ አለቅልቆ መልሶ መቅዳት ነው፦ የመጀመሪያው ሰው ምራቅ በውኃው በኩል ለሁሉም ይደርሳል። ሲኒ በሳሙና ታጥቦ በሚፈስ ውኃ ይለቅለቅ። አንድ ሰው ብቻ ይቅዳ። ቆሎው በማንኪያ ለእያንዳንዱ መዳፍ ይታደል እንጂ ሁሉም እጁን ከአንድ ሳህን አያስገባ። በርጫም ቢሆን ደንቡ ይኸው ነው፦ ውጭ፣ የየራስ ውኃ፣ ከአንድ ኮዳ መጠጣት የለም።

ለሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። እምቢ ያላችሁ እንዳይመስል እጁ ሳይዘረጋ እናንተ ቅደሙ።

ለቅሶ፦ ድንኳኑ ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ሰዎች በየተራ ገብተው አጽናንተው ይውጡ፣ ዕድሩ ምግቡን በየሰው ቋጥሮ ይስጥ።

ደረጃ 7። ልጆችና የቤት ሥራ ክፍፍል

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው የትምህርት ጊዜ ይሁን፤ 30 ደቂቃ ይቀመጡ፣ 10 ደቂቃ ደጅ ይሩጡ። ታላቅ ታናሹን ያስጠና። መብራት ሲኖር ስልክና የራዲዮ ባትሪ ይሞሉ።

ውኃ መቅዳቱ፣ ማጠቡና ማስታመሙ ተደራርቦ እናት ላይ ወይም ታላቂቱ ልጅ ላይ እንዳይወድቅ ሥራውን በስም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሁሉን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች፣ እሷ የታመመች ቀን ቤቱ አስታማሚ አይኖረውም። ስለዚህ ደረጃ 9ን ቢያንስ ሁለት ሰው ይልመደው፤ አንዱ ወንድ ይሁን።

ደረጃ 8። የሁለት ሳምንት ስንቅ

በአንዴ መግዛት የማይቻላችሁ ከሆነ በየሳምንቱ ከምትገዙት ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨውና ከሰል አንድ አራተኛ ጨምሩ። በ8 ሳምንት የሁለት ሳምንት ትርፍ ይኖራችኋል። አንድ ሰው ታሞ ሁላችሁም ወሸባ ብትገቡ የሚያቆያችሁ ይህ ነው። በሶ ሳይበስል ስለሚበላ ለታማሚ ጥሩ ነው።

ደረጃ 9። ሰው ሲታመም

ጅማ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ወረርሽኙ አይደለም። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ሊሆን ይችላልና ትኩሳት እንደጀመረ ጭንብል አድርጎ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። «ኮሮና ነው» ብሎ ቤት የተኛ የወባ ታማሚ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ቤት እንዲቆይ ከተባለ አልጋውን የእጣኑ ጭስ በሚወጣበት ወገን አድርጉ። መስኮት አጠገብ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ነፋሱ በዚያ መስኮት የሚገባ ከሆነ የታማሚውን ትንፋሽ ወደ እናንተ ይገፋዋል። አንሶላውን ጋርዱ፤ አየር ባያግድም ልጆች የት መቆም እንዳለባቸው ያሳያል። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፣ ሲገናኙ ሁለቱም የሕክምና ጭንብል ያድርጉ። የእጣንና የቡና ጭስ ከዚህ በኋላ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የታመመ ሳንባ ጭስ አይችልም።

ጠዋትና ማታ ደብተሩ ላይ ይህን መዝግቡ፦

- ሙቀት
- በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ። ታማሚው ሳያውቅ የደረቱን መነሳት በስልክ ሰዓት ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል።
- ስንት ብርጭቆ እንደጠጣና ሽንት መሽናቱን
- የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለ ቁጥሩን። ጥፍር ላይ ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ካለ፣ ወይም ጣት ከቀዘቀዘ ንባቡ ይዛባል።

ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ሐኪም ይጠይቅ። ለልጅ በክብደቱ ስለሚሰላ ፋርማሲ ይለካላችሁ። ለልጆች አስፕሪን አትስጡ።

ሳትዘገዩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል የምትወስዱት፦ አዋቂ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፤ የኦክስጅን ቁጥሩ ከ90 ሲወርድ፤ ደረት ሲያስጨንቅ፤ ከንፈር ሲጠቁር፤ ሰው መለየት ሲያቅተው ወይም ለማንቃት ሲያስቸግር ነው። ቁጥሩ ከ90 እስከ 94 መሐል ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም አማክሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌሊት የሚያደርስ ባለመኪና ወይም ባለባጃጅ ጎረቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ለኮቪድ ምልክቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ 10 ቀን ይለይ። ለሌላ ወረርሽኝ የጤና ቢሮ የሚያውጀውን ቀን ተከተሉ።

ማስጠንቀቂያ

በረኪና፦ ለዕቃና ለወለል፣ ባለ 5% ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 4 የሻይ ማንኪያ። መጀመሪያ በሳሙና አጽዱ፣ ከዚያ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ቆሻሻ ካለ ጉልበቱን ይጨርስበታል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ላይ አትርጩ። በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል።

ከሰል፦ ታማሚ እንዳይበርደው ብላችሁ የተቀጣጠለ ማንደጃ በተዘጋ ክፍል አታሳድሩ። ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣል፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ በሽታው የጠና ይመስላል፤ ቤተሰብ እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ጭንብል ለብሶ ለመናገር ማውረድ። ሲናገሩ የሚወጣው ትንፋሽ ዝም ከማለት ይበልጣል፤ ጭንብሉ ከሁሉ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።
- በአረቄ እጅ ማሸት። ሳኒታይዘር ቢያንስ 60% አልኮል ይፈልጋል፤ የቤት አረቄ ይህን ስለመሙላቱ ማረጋገጫ የለም። ሳሙና ይሻላል።
- የፈላ ውኃ ላይ ተሸፋፍኖ መታጠን። በሽታውን አይገድልም፤ ድስቱ ሲገለበጥ ግን ያቃጥላል፣ በተለይ ልጆችን። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት መጠጣት ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።
- ካለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ መውሰድ። ቫይረስ ላይ አይሠራም።
- አትክልት በበረኪና ማጠብ። ንጹሕ ውኃ ይበቃል።
- ሦስተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ሲበርድ መጋረጃውን ማንሳት። ታማሚው ደህና ቢመስልም ገና ያስተላልፋል። በኮቪድ አንዳንድ ሰው የሚከፋበት በሁለተኛው ሳምንት ስለሆነ የትንፋሽ ቆጠራው እስከ 14ኛው ቀን ይቀጥል።